ለአያትየው የሚነፋ ክላክስ

ከራዮንግ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ባለ አንድ የዓሣ መረቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከጠርሙስ መሙያው አዳራሽ ወደ መጋዘኑ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ ክላክስ ሳይነፋ የሚያልፍ ሾፌር የለም። ደንብ ስላለ አይደለም። ጥጉ ላይ፣ ከአንድ ምሰሶ አናት የተቀመጠች ጣሪያዋ ቀይ የሆነ ትንሽ ቤት አለች፤ የግቢው ቆሌ፣ አያትየው፣ የሚኖሩት እዚያች ውስጥ ነው። በአስፋልት የሚከንፍ የጭነት መኪና እንኳ የቆሌ ቤት ሲያይ ጢጥ ጢጥ ብሎ ነው የሚያልፈው። የገዛ ግቢውን ጠባቂ ዝም ብሎ የሚያልፍማ ምን የሚሉት ባለጌ ነው?

ቡንሌርት ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር። ፎርክሊፍት፣ ጭነት የሚያነሳውን መኪና፣ መንዳት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ታናናሾቹ «ፒ ሌርት»፣ ወንድም ጋሼ፣ ይሉታል፣ ልጆቹ የሚሆኑት ደግሞ «ሉንግ»፣ አጎቴ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ሁለቴ ይነፋል፣ ፊቱን ወደ ግራ ወደ ቀይዋ ጣሪያ ያዞራል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ከዚያ ነው መሪውን የሚያጥፈው። አንድ ጊዜ ረስቶ ሳይነፋ አለፈና ከመጋዘኑ መሀል ተመልሶ መጥቶ ነፋ። ጓደኞቹ እስከ ዛሬ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን ነገ ቢረሳ ነገም ይመለሳል።

ሥራውን ይወዳል፣ ይህንንም ለመደበቅ ሞክሮ አያውቅም። ሹካውን ጭነት በሚደረደርበት የእንጨት መደብ፣ በፓሌቱ፣ ሥር አስገብቶ ሲያነሳ አንድ ጠርሙስ እንኳ ቅጭል አይልበትም። እቤት ሰሐን የሚሰብረው ሰውዬ ይኸው ነው ብትሉ ማንም አያምናችሁም፣ ከሚስቱ በስተቀር።

ሚስቱ ፕራኖም እዚያው ፋብሪካ ውስጥ፣ ጠርሙሱ ላይ መለያ በሚለጠፍበት ክፍል ትሠራለች። የክፍሏ በር ከጥጉ በስተቀኝ፣ ከአያትየው ቤት ትይዩ ነው። ምላሷ ስለት ነው፤ ሆዷ ግን ባዶ ነው፣ ቂም አይቋጥርም። ቀኑን ሙሉ የመለያ ጥቅል የተጫነበት ጋሪ እየገፋች በዚያ በር ትወጣለች ትገባለች። የባሏን ክላክስ በሰማች ቁጥር፣ «ያው፣ ሽማግሌዎቹ ሰላም ተባባሉ» ትልና መንገዷን ትቀጥላለች። እሷ ብቻም አይደለችም። የግቢው ሰው ሁሉ እዚያ ጥግ ላይ ክላክስ ሲሰማ ሰላምታ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፤ ቀና ብሎ እንኳ የሚያይ የለም።

የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ ዳራኒ የምትባል ወጣት የደህንነት ኃላፊ ሆና ተቀጠረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲስቁባት አብራ የምትስቅ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ወዲያው ወደዷት። ፎርክሊፍቶቹ በባትሪ ስለሚሄዱ ድምፅ የላቸውም፤ ከኋላህ ድመት ቢመጣ ይሻላል የሚባልላቸው ናቸው። ዳራኒ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እያንዳንዱ መኪና ላይ ከፊቱም ከኋላውም ወለሉ ላይ ሰማያዊ ክብ የሚያበራ መብራት ማስገጠም ነበር፤ ክቡ ከመኪናው ቀድሞ ስለሚሄድ፣ ሰው መኪናውን ባያይ ክቡን አይቶ ይቆማል። ቀጥላ የኋላ ማርሽ ሲገባ ጢው ጢው የሚል መሣሪያ አስገጠመች።

«የሰርግ መኪና አስመሰልሽው እኮ!» አላት ቡንሌርት።

«ሙሽራው እርስዎ ነዎት፣ ሉንግ» አለችው።

ቻዋሊት የሚባለው ሌላው ሾፌር፣ ቀልድ ካላወራ የሚያመው፣ ከመኪናው ወርዶ ሰማያዊው ክብ ውስጥ ገብቶ ዳሌውን እያወዛወዘ ጨፈረ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ዳራኒ ጭፈራው እስኪያልቅ ጠበቀችና ሌላውን ነገር አመጣች።

«ጭነቱ ፊታችሁን ከከለለባችሁ፣ በኋላ ማርሽ ነው የምትሄዱት፤ ዞራችሁ እያያችሁ» አለች። «ማጠፊያ ላይ ደግሞ ክላክስ ትነፋላችሁ። እግረኛው ክላክስ ሲሰማ ይቆማል። ከሾፌሩ ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያይ አይንቀሳቀስም።»

ቡንሌርት እጁን አወጣና በአክብሮት «ኩን» ብሎ ጠራት። «ይቅርታ፣ ኩን ዳራኒ። ከመሙያው ወደ መጋዘኑ የሚሄደው ጭነት ሁሉ በአያትየው ደጅ ነው የሚያልፈው። በኋላ ማርሽ ልሂድ? ለእሳቸው ጀርባዬን ሰጥቼ?»

«የእርስዎን ጀርባ ሳይሆን የመኪናውን ነው፣ ሉንግ።»

«እሱስ ይሻላል» አለ ቻዋሊት። «ከፒ ሌርት ፊት የመኪናው ቂጥ ያምራል።»

በሳቅ ፈረሱ፣ ነገሩም በሳቅ ታለፈ። ቡንሌርት ግን ልቡ አልተቀበለውም። በሌላው ቦታ ሁሉ ዳራኒ እንዳለችው አደረገ፤ ቀበቶውን አሰረ፣ ቀስ ብሎ ነዳ፣ ጭነት ሲከልለው በኋላ ማርሽ ሄደ። ከመሙያው ሲወጣ ብቻ ፊት ለፊት ይነዳል። ለእሳቸው ሲል ነው። ማንም ይህን አይቶ ክፉ ሰው ነው አይልም።

ውሃ የሚራጩበት የሶንግክራን በዓል ሲቃረብ የዓሣ መረቅ የማይገዛ ቤት ስለሌለ ሥራው ይከመራል። የዚያን ቀን ጠዋት ቡንሌርት ሁለት ፓሌት ደራርቦ ከመሙያው ወጣ። ፀሐይዋ ከግቢው ነጭ ሲሚንቶ ላይ ስታርፍ ዓይን ታጠፋለች፤ ሰማያዊው ክብ ከበሩ ጥላ ሲወጣ እንደሌለ ሆነ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ሁለቴ ነፋ፣ ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ጎንበስ አለ።

ፕራኖም በሩ ላይ ነበረች። ክላክሱን ሰማች። ሽማግሌዎቹ ሰላም ተባባሉ አለችና ጋሪዋን ገፍታ ወጣች።

ቡንሌርት ፊቱን ሲመልስ በጭነቱ በስተቀኝ ያየው የጋሪ ጎማና የሚስቱን ጫማ ነው። ፍሬኑን ረገጠው። ፎርክሊፍቱ ቆመ፣ ከላይ ያለው ፓሌት ግን አልቆመም፤ ካርቶኖቹ ተንሸራተው ጋሪው ላይ ወረዱበት። ጋሪው ተደፍጥጦ ቀረ። ጠርሙሱ ሁሉ ደቀቀ። ፕራኖም ከጋሪው አንድ ክንድ ያህል ርቃ፣ ከአናቷ እስከ ጫማዋ የዓሣ መረቅ እየተንጠባጠበባት፣ እጇን ጋሪውን እንደያዘች ሁሉ ዘርግታ ቆማለች።

እሷ ናት መጀመሪያ የተናገረችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሶንግክራን ገና ነው እኮ! ምን አስቸኮለህ?»

ሰው ሁሉ ትንፋሹ ተመለሰለትና እየሮጠ ከበባት። ቡንሌርት ብቻ መሪውን እንደያዘ ቀረ። እጁን ከመሪው ላይ ያላቀቀው ቻዋሊት ነው፣ ጣት በጣት። የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ወረደና ዳራኒ መዳፍ ላይ አስቀመጠው፤ ሄዶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ።

በማግስቱ መጥረጊያ ይዞ መጣ። ግቢውን ጠረገ። በሁለተኛውም ቀን ጠረገ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ መጥቶ «ፒ ሌርት፣ ይበቃል፣ በቃ ንዳ» ቢለው፣ «አቧራ አለ» ብሎ መለሰለት። የእሱን መኪና ቻዋሊት ነዳው፤ ጠርሙሱ ሲንቃጨል ቡንሌርት ፊቱን እያጨማደደ ይጠርጋል።

በግቢው ውስጥ ወሬው ሌላ ነበር። አያትየው ናቸው ያተረፏት ተባለ። ቡንሌርት ባይነፋላቸው ኖሮ ፕራኖም አልቆላት ነበር ተባለ። ሰዉ በፎርክሊፍቱ ጎን ላይ በተጻፈው ቁጥር ሎተሪ ገዛ፤ ማንም አልደረሰውም፣ ማንም አልተቀየመም። ለአያትየው የሚቀርበው ቀይ ለስላሳ በጠርሙስ መሆኑ ቀርቶ በሣጥን ሆነ። ፕራኖም ደግሞ በስንት ሳሙናና በስንት ሎሚ ብትታጠብም ሽታው አልለቀቃት አለ። ከፋብሪካው እስከ ቤታቸው ድረስ የሰፈሩ ድመት ተከትሏት ይሄዳል።

«ድሮ ወጣት ሳለሁ የሚከተለኝ ሌላ ነበር» ትላለች፤ ሰው ይስቃል። ባሏ አይስቅም።

ዳራኒ በዚህ መሀል ጥፋቷን ፈለገች። ሰማያዊው መብራት ፀሐይ ላይ እንደማይታይ ቀድማ ማየት ነበረባት፤ ይህን በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። ጥጉ ላይ ክብ መስታወት ሰቀለች፣ ለእግረኛው ቢጫ መስመር አሰመረች። ክላክሱን በሚመለከት ግን አንድ ትእዛዝ ሰጠች፤ እዚያ ጥግ ላይ ክላክስ ለሰው ብቻ ነው፣ ለሰላምታ ክልክል ነው አለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሾፌሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንድም ሰው «እምቢ» አላላትም። ግን ፕራኖምን ያተረፉትን አያት ዝም ብሎ የሚያልፍ ከየት ይምጣ? ቻዋሊት «ይቺ ለሰው ናት» ይልና ይነፋል፣ ቀጥሎ ወደ ቀይዋ ጣሪያ ዓይኑን ጠቀስ ያደርጋል። ሌላው በአፉ ነው የሚነፋው፣ ጢጥ ጢጥ እያለ። አንዱ ደግሞ ፈርቶ ጭራሹን መንፋት ተወ። እግረኛው የቱን ሰምቶ የቱን ይተው? ሁሉንም ተወው። ጋሪ የሚገፉት ሴቶች ክላክስ ሲሰሙ ልክ እንደ ድሮው ወደ መንገዱ ይገቡ ነበር። ቡንሌርት መጥረጊያውን ተደግፎ ይህን ያያል።

ዳራኒ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሉንግ፣ የክላክሱን ሰላምታ እርስዎ ከተዉት ሁሉም ይተዋል። እርስዎን ነው የሚያዩት።»

«እኔማ ትቻለሁ፣ ልጄ። መንዳቱንም ትቻለሁ።»

«እሱን አይደለም ያልኩት።»

«እኔ ግን እሱን ነው ያልኩት» አለና ያላለቀ ሩዙን ከድኖ ተነሳ።

ያን ዕለት ማታ ባልና ሚስቱ ከቤታቸው በስተጀርባ፣ የኮኮናት ዛፍ ሥር ባለችው መደብ ላይ ራት በሉ። የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝና በሚጥሚጣ የተነከረ ጥሬ ማንጎ ነበር። የዓሣ መረቅ አልቀረበም፤ ፕራኖም ሽታው እስኪለቃት ድረስ ከቤቷ አስወጥታዋለች። ሁለት ድመቶች እግሯ ሥር ተጋድመዋል።

«ነገ ትነዳለህ?» አለችው።

«አልነዳም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዘላለም።»

«እስከ ዘላለም ከሆነ የራስህን መጥረጊያ ግዛ። የፋብሪካውን ጨረስከው።»

ዓሣውን በጣቱ ነካካው እንጂ አልበላም። ፕራኖም ይህን ሰውዬ ታውቀዋለች፤ ሲርበው ይጮሃል፣ ሲደክመው ይጮሃል፣ እንዲህ ዝም የሚለው ግን የሚያንቀው ነገር ሲኖር ነው። ጠበቀችው።

«ኖም» አላት በመጨረሻ፣ «ሰዉ ሁሉ ጭነቱ ከልሎት ነው ይላል አይደል? አልከለለኝም። በቀኝ በኩል ክፍተት ነበረ። ወደ ቀኝ ባይ ኖሮ ከነጋሪሽ አይሽ ነበር።»

«ታዲያ ወዴት ታይ ነበር?»

«አያትየውን እጅ እየነሳሁ ነበር።»

ፕራኖም የያዘችውን ማንጎ አስቀመጠች።

«ማለት፣ እዚያ በር ላይ ስወጣ ስገባ፣ ይህን ሁሉ ዓመት፣ አንተ ፊትህን ወዲያ አዙረህ ነው የምታልፈው?»

«ለአክብሮት ብዬ…»

«ለእሳቸው ግንባርህን፣ ለእኔ ማጅራትህን!»

ሊመልስላት አፉን ከፈተና እንባው ቀደመው። ትልቅ ሰው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰውዬ፣ እንደ ልጅ አፍንጫውን በክንዱ እየጠረገ አለቀሰ። «ልገድልሽ ነበር እኮ» አላት። «እየጸለይኩ ልገድልሽ። ከዚያ ወዲያ ማንን ብዬ እኖር ነበር?»

ሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሯት አያውቅም። ፕራኖም ጉንጯ ጋለ፤ ደስ አላት፣ ደስ ስላላትም ተናደደች።

«አልገደልከኝም፤ አትቅበረኝ። ደግሞ ጥፋቱን ብቻህን አትጠቅልለው። እኔስ? ጆሮዬ ደህና ነው። ክላክሱን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የወጣሁት! ከግቢው ውጭ መንገድ ላይ ብሆን ዘልዬ ነበር የምመለሰው። እዚያ ጥግ ላይ ግን ክላክሱ የእኔ መስሎኝ አያውቅም። የእሳቸው ነው።» ጥቂት አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። «አንተ አታይ፣ እኔ አልሰማ። ሁለት ቂሎች ተገናኘን።»

«ኩን ዳራኒ ከልክላለች እኮ። ማን ሰማት?»

«እሷን ሁሉም ሰምቷታል። ግን አያትየውን ማን አስፈቀዳቸው? ለእሳቸው ይሰጥ የነበረ ነገር በትእዛዝ ሲቀር ሰው ይፈራል፤ እኔም እፈራለሁ። ነገ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

«አንቺ?»

«ልሞት የነበርኩት እኔ አይደለሁ? ክላክሱን ካልሰጡኝ ደግሞ እናያለን።»

«ቢሰጡስ?»

«ቢሰጡ ትነዳለህ። ከዚያች መኪና ርቀህ ስትጠርግ ማየት ሰልችቶኛል፤ ጠዋት ስትነሳ ፊትህ ያስጠላል።»

ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። የፈለገው ያ ነበር። መንዳት ነበር የፈለገው። እዚያ ጥግ ላይ እንደ ገና ሰው ድንገት ፊቱ ከሚወጣበት ግን መጥረጊያ ይዞ ቢሞት ይመርጣል፣ ይህንንም የሚያስተካክልለት የፍሬን ዓይነት አልነበረም።

በማለዳ፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ፕራኖም የጃስሚን ጉንጉንና ክዳኑ ተከፍቶ መምጠጫ የገባበት ቀይ ለስላሳ ይዛ ጥጉ ላይ ቆመች። ወሬው ቀድሟት ስለነበር ግቢው ሞልቷል። ዳራኒም መጥታለች፣ ከኋላ ቆማለች። ፕራኖም ጉንጉኑን ሰቀለች፣ ለስላሳውን አስቀመጠች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጋጥማ እጅ ነሳች።

«አያታችን፣ እኔ ፕራኖም ነኝ፣ ከመለያው ክፍል። ያ የዓሣ መረቅ የፈሰሰብኝ። ስላተረፉኝ አመሰግናለሁ፤ ልብሴ ግን አልተረፈም። አሁን የምለምንዎት ነገር አለኝ፣ እንዳይቀየሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሾፌሮቹ በክላክስ ሰላም አይሉዎትም። ክላክሱን ለእኛ ይተዉልን። እርስዎን ፎርክሊፍት አይገጭዎትም፤ እኛን ይገጨናል። እነሱ ጠዋት ጠዋት፣ መኪና ላይ ሳይወጡ፣ በእግራቸው መጥተው እጅ ይነሱዎታል። ጭነት ሲኖር ደግሞ በኋላ ማርሽ ይመጣሉ። ጀርባ ሰጡኝ አይበሉ፤ ዞረው ሰው እያዩ ነው። ከተስማሙ ይንገሩኝ።»

ከኪሷ ሁለት ሳንቲም አወጣች። አንዱ በፊቱ አንዱ በጀርባው ከወደቀ እሺ ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ እምቢ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ወረወረችው። ሁለቱም በፊታቸው ወደቁ።

«እምቢ አሉ» አለ ቻዋሊት በሹክሹክታ፣ ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ።

እንደ ገና ወረወረች። ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ቡንሌርት አጥሩ ሥር ቆሞ ያያል። በቃ፣ አለ በልቡ፣ አለቀ፤ መጥረጊያውን ፈልጎ ያዘ።

ፕራኖም ሳንቲሞቹን ለቀመችና ወገቧን ይዛ ወደ ሾፌሮቹ ዞረች።

«ምን ያጉረመርማችኋል? እምቢ አላሉም፤ አልሰሙም! ይህን ሁሉ ዓመት ጆሯቸው ሥር ስትነፉባቸው ምን ጆሮ ተርፏቸው ይስሙ? እናንተ ናችሁ ያደነቆራችኋቸው!»

መጀመሪያ የሳቀችው ዳራኒ ናት፤ አፏን በእጇ ብትይዝም አመለጣት። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ፕራኖም አልሳቀችም። ምሰሶው ድረስ ተጠግታ፣ በእግሯ ጣት ቆማ፣ እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ ወደ ትንሿ ቤት ደጅ ጮኸች።

«አያታችን! ክላክሱን! ለእኛ! ይተዉልን!»

ወረወረች። አንዱ በፊቱ ተኛ። ሌላው በጠርዙ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ፣ የቻዋሊት ጫማ ሥር ደርሶ፣ በጀርባው ወደቀ።

ግቢው በጩኸት ተናጋ። ሾፌሮቹ ሳይነገራቸው ተራ በተራ እየመጡ፣ በእግራቸው፣ ለአያትየው እጅ ነሱ፤ ቻዋሊት ጎንበስ ብሎ ትንሽ ቆየ፣ ይቅርታም ጠየቀ መሰለኝ። የፈሩት ነገር ከትከሻቸው ወርዶላቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ዳራኒ በሕዝቡ መሀል አልፋ ወደ አጥሩ ሄደችና ለቡንሌርት ቁልፉን ዘረጋችለት።

«ሉንግ፣ መጥረጊያውን እኔ ልያዝልዎ።»

ቁልፉንና መጥረጊያውን ተለዋወጡ።

መኪናው ላይ ሲወጣ መቀመጫው የቻዋሊትን ልክ ይዞ አገኘው፤ እየተራገመ አስተካከለው። ቀበቶውን አሰረ። ክላክሱን ሞከረ፣ ፍሬኑን ሞከረ፣ መብራቱን አየ። ሁለት ፓሌት አነሳ፤ አንድም ጠርሙስ ቅጭል አላለም፤ ቻዋሊት ሰምቷል ወይ ብሎ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገባ። ጢው ጢው ማለት ጀመረ። አንገቱን አዙሮ፣ እጁን መቀመጫው ጀርባ ላይ ጥሎ፣ ቀስ እያለ ከመሙያው ወጣ። አንገቱን አመመው።

ጥጉ ጋ ሲደርስ አንዴ፣ ረዘም አድርጎ ነፋ። አንገቱ በልማድ ወደ ቀይዋ ጣሪያ ሊዞር ሲል ያዘው። ወደ ቀኝ አየ።

ፕራኖም አዲስ ጋሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አልተንቀሳቀሰችም። ቢጫው መስመር ላይ እግሯን ሰብስባ፣ የሚመጣውን እየጠበቀች ታየዋለች። ቆመ። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ ሰው ሚስቱ ፊት እንዲህ ሊያፍር ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ምልክት ሰጣት፤ ተሻገሪ።

ጋሪዋን ገፍታ ወጣች። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ቡንሌርት መጀመሪያ እያሾፈችበት መሰለው፤ ሰዉን አስቁማ እንደ ንግሥት ልትሄድበት። ከዚያ ቀኝ እግሯን አየ። ስትረግጠው ታሳሳዋለች፣ ክብደቷን ቶሎ ወደ ግራው ትመልሳለች፣ በጋሪው ላይ ደገፍ ትላለች። ታነክሳለች።

«ፒ ሌርት፣ ቶሎ በል!» አለ ቻዋሊት ከወዲያ በኩል፣ እሱም ጭኖ ቆሞ።

«ሰው እየተሻገረ ነው!»

ፕራኖም በአጠገቡ ስታልፍ ዝቅ ብሎ ጠየቃት።

«ጉልበትሽን ምን ሆነሽ ነው? የዚያን ዕለት ነው?»

«ኧረ አይደለም። ከዝናቡ ወራት ጀምሮ ነው። ቆሜ ስውል ያመኛል፤ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ይተወኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በየቀኑ እዚህ እፊትህ ነው የማነክሰው» አለችው፣ ጋሪዋን ሳታቆም። «የምታየው መስሎኝ።»

ማዶ ካለው በር ደርሳ፣ ደፉን አልፋ እስክትገባ ድረስ በዓይኑ ተከተላት፤ ቻዋሊት ሁለቴ ሲጠራው አልሰማም። ልትገባ ስትል፣ «ማታ ሐኪም ጋ እንሄዳለን!» ብሎ ጮኸላት።

ከበሩ ውስጥ አንገቷን ብቻ ብቅ አደረገች።

«እሺ። አሁን ኋላህን እያየህ ንዳ፣ ሰው አለ።»